ቪቲ የሚያበራ ሶፍትዌር የለም፦ በአሮጌ ላፕቶፕ ላይ ቨርቹዋላይዜሽን ስለማብራት

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «ላፕቶፔ የቆየ ነው፣ ኮር አይ5 2430ኤም፣ 4 ጊጋ ራም፣ ዊንዶውስ 10 64 ቢት። ሊኑክስ ለመማር ቨርቹዋልቦክስ ጫንኩ ግን ኡቡንቱን ልጭን ስል ምርጫው ላይ 32 ቢት ብቻ ነው የሚመጣልኝ፣ በግድ ላስነሳው ስል ደግሞ ቪቲ ኤክስ ምናምን የሚል ኤረር ሰጥቶኝ ይዘጋል። ባዮስ ገብቼ ፈለግኩ አጣሁት። ጓደኛዬ ፕሮሰሰርሽ አሮጌ ስለሆነ አይችልም አለችኝ፣ ሌላ ሰው ደግሞ ቪቲ የሚያበራ ሶፍትዌር አለ አውርጂ አለኝ። የቱ ነው ልክ? ባዮሱን አፕዴት ላርገው? ካበራሁትስ ማሽኑን አያሞቀውም?»

ሁለቱም ተሳስተዋል። ቪቲ (ኢንቴል ላይ ቪቲ ኤክስ) ማለት ኮምፒውተርሽ ውስጥ ሁለተኛ ኮምፒውተር፣ ማለትም ቨርቹዋል ማሽን፣ ለማስነሳት የሚረዳ የፕሮሰሰሩ ችሎታ ነው፣ ቨርቹዋልቦክስ ያንን ማሽን የሚያስነሳው ፕሮግራም ነው፣ ባዮስ ደግሞ ላፕቶፑ ሲበራ ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው የማሽኑ የራሱ ፕሮግራም ነው። ከሶፍትዌሩ ልጀምር ምክንያቱም ጉዳት ያለው እሱ ነው። ቪቲን ከዊንዶውስ ውስጥ ሆኖ የሚያበራ ፕሮግራም የለም። ለምን መሰለሽ፣ ላፕቶፑ ሲበራ ዊንዶውስ ገና ሳይነሳ ባዮሱ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለች አንዲት የመቆጣጠሪያ ቦታ ላይ ሁለት ነገር ይጽፋል። አንዱ ቨርቹዋላይዜሽን ይፈቀድ አይፈቀድ የሚለው ነው፣ ሌላው ደግሞ ቁልፉ ነው። ቁልፉ አንዴ ከተዘጋ በኋላ ፕሮሰሰሩ ራሱ እዛች ቦታ ላይ ማንም እንዲጽፍ አይፈቅድም፣ ዊንዶውስም ቢሆን፣ አድሚን ብትሆኚም፣ ማሽኑ ጠፍቶ እንደ አዲስ እስኪነሳ ድረስ። ሲነሳ ደግሞ ባዮሱ ቀድሞ ስለሚደርስ ያንኑ መልሶ ይጽፈዋል። ስለዚህ «ቪቲ ኢኔብለር» እየተባሉ የሚወርዱት ነገሮች ሁለት ዓይነት ናቸው፣ ደህናዎቹ ያለውን ሁኔታ አንብበው በርቷል ወይም ጠፍቷል ብለው ይነግሩሻል እንጂ አንዳች ነገር አይቀይሩም፣ መጥፎዎቹ ደግሞ የአድሚን ፈቃድ ጠይቀው ሌላ ጉድ ይጭኑልሻል። አውርደሽ ከሆነ አጥፊው፣ አስነስተሽው ከነበረም ሙሉ የአንቲቫይረስ ስካን አድርጊ።

ጓደኛሽ ያለችው ደግሞ ላንቺ ፕሮሰሰር አይሰራም። ኢንቴል ቪቲ ኤክስን ያመጣው በ2005 መጨረሻ ላይ ፔንቲየም 4 662 እና 672 ላይ ነው፣ ኤኤምዲም በ2006 የራሱን አወጣ። ያንቺ 2430ኤም የ2011 ሁለተኛ ጀነሬሽን ነው፣ ቴክኖሎጂው ከመጣ ከ6 ዓመት በኋላ ማለት ነው። እንዲያውም ከመጀመሪያው ጀነሬሽን ጀምሮ ያሉት የላፕቶፕ ኮር አይ3፣ አይ5 እና አይ7 ፕሮሰሰሮች ሁሉም ቪቲ ኤክስ አላቸው። ያንቺማ ከዛም በላይ ኢፒቲ የሚባለውን ይዟል፣ እሱ በ2008 ኔሄለም ከሚባሉት ፕሮሰሰሮች ጋር የመጣ ነው፣ የቨርቹዋል ማሽኑን የሜሞሪ አድራሻ ትርጉም ፕሮሰሰሩ ራሱ እንዲሰራው ስለሚያደርግ ፍጥነቱ ላይ ትልቅ ልዩነት አለው። ጓደኛሽ ግን ከባዶ ተነስታ አይደለም ያለችው። ከኮር አይ በፊት በነበረው በኮር 2 ዱዎ ዘመን ኢንቴል ርካሽ የሆኑት ላይ ቪቲውን እያነሳ ይሸጥ ነበር፣ ቲ7200 አለው፣ ከሱ በኋላ የወጣው ቲ6500 የለውም፣ ፔንቲየም ቲ4200 የለውም፣ ሚኒ ላፕቶፖቹ ላይ የነበረው አተም ኤን270 ም የለውም። ከውጭ ስታያቸው አንድ የሚመስሉ ሁለት ላፕቶፖች አንዱ ይችላል አንዱ አይችልም። «አሮጌ ላፕቶፕ ቪቲ የለውም» የሚለው ወሬ የመጣው ከዛ ነው። ዋናው የፕሮሰሰሩ ቁጥር ነው፣ ዕድሜው ብቻውን ምንም አይነግርሽም።

አሁን ወደ ምርመራው። ባዮስ ውስጥ እንደገና ከመዳከርሽ በፊት ዊንዶውስ ራሱ የሚለውን እዪ። ኮማንድ ፕሮምፕት ክፈቺና ሲስተም ኢንፎ የሚለውን አንድ ላይ አያይዘሽ በእንግሊዝኛ (systeminfo) ጽፈሽ ኢንተር በዪ፣ ትንሽ ያስጠብቅሻል ከዛ ረጅም ዝርዝር ያወጣል፣ ሌላውን ሁሉ ተዪውና መጨረሻው ላይ ሃይፐር ቪ (የዊንዶውስ የራሱ ቨርቹዋል ማሽን ማስነሻ) ሪኳየርመንትስ የሚል ርዕስ ስር ያሉትን አራት መስመሮች ፈልጊ። የመጀመሪያው ቪኤም ሞኒተር ሞድ ኤክስቴንሽንስ ይላል፣ እሱ ፕሮሰሰሩ መቻል አለመቻሉን ነው የሚነግርሽ። ሁለተኛው ቨርቹዋላይዜሽን ኢኔብልድ ኢን ፈርምዌር ይላል፣ እሱ ደግሞ ባዮሱ መክፈት አለመክፈቱን። ያንቺ ላይ የመጀመሪያው የስ ሁለተኛው ኖ እንደሚል በጣም እገምታለሁ፣ ይሄ ማለት ፕሮሰሰሩ ደህና ነው ባዮሱ ዘግቶታል ማለት ነው። አራቱ መስመሮች ጭራሽ ከሌሉና በምትካቸው ሃይፐርቫይዘር (ቨርቹዋል ማሽን የሚያስነሳ ፕሮግራም) ተገኝቷል የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ካለ ግን ታሪኩ ሌላ ነው፣ ቪቲው በርቷል ግን ዊንዶውስ ቀድሞ ይዞታል፣ እሱ ጋ እመለሳለሁ። ኮማንድ ፕሮምፕት የሚያስፈራው ሰው ታስክ ማናጀር ከፍቶ ፐርፎርማንስ የሚለው ስር ሲፒዩ ላይ ቢጫን ከግራፉ በታች በቀኝ በኩል ቨርቹዋላይዜሽን የሚል መስመር አለ፣ ኢኔብልድ ወይም ዲሴብልድ ይላል። ይሄ ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ ነው ያለው፣ ዊንዶውስ 7 ላይ ላላችሁ ሴኩረብል የምትባል ትንሽዬ ነጻ ፕሮግራም አለች፣ ምንም ሳትነካ አንብባ ብቻ የስ፣ ኖ ወይም ሎክድ ኦፍ ትላችኋለች፣ ሎክድ ኦፍ ካለች ያው ባዮሱ ነው።

የኤረሩንም ጽሁፍ «ምናምን» ብለሽ ማለፍሽ ትንሽ ጎድቶሻል፣ ምክንያቱም ቨርቹዋልቦክስ ሁለት የሚመሳሰሉ ግን የተለያየ ትርጉም ያላቸው መልእክቶች አሉት። ቪቲ ኤክስ ባዮስ ውስጥ ዲሴብልድ ነው ካለሽ በቃ ቃል በቃል እውነቱን ነው፣ ባዮስ ግቢና አብሪው። ቪቲ ኤክስ ኖት አቬይለብል ካለሽ ግን ወይ ፕሮሰሰሩ የለውም ወይ ደግሞ አለው ግን ሌላ ነገር ይዞታል። ብዙ ሰው ሁለተኛውን አይቶ ነው ባዮስ ውስጥ ሲመላለስ የሚውለው፣ እዛ በርቶ ሳለ።

ባዮስ መግባቱ ላይ፣ ብራንዱን አልነገርሽኝም ስለዚህ ዘርዘር ላርገው። ኤችፒ ከሆነ እንደበራ ኢስኬፕ ደጋግመሽ ንኪና ሜኑ ሲመጣ ኤፍ10፣ ሲስተም ኮንፊገሬሽን ስር ቨርቹዋላይዜሽን ቴክኖሎጂ ይላል፣ የቢሮዎቹ ፕሮቡክና ኤሊትቡክ ላይ ደግሞ እዛው ሲስተም ኮንፊገሬሽን ውስጥ ዲቫይስ ኮንፊገሬሽንስ የሚል ሌላ ሜኑ ውስጥ ገብቶ ተደብቋል። ዴል ኤፍ2 ነው፣ የቢሮዎቹ ላይ ቨርቹዋላይዜሽን ሰፖርት የሚል ራሱን የቻለ ክፍል አለው። ቲንክፓድ ኤፍ1 ነው፣ ሰው እዛ ላይ የሚያጣው ሲፒዩ የሚል ነገር ሲፈልግ ነው፣ ያለው ግን ሴኪውሪቲ ውስጥ ነው። ሌሎቹ ሌኖቮዎች ኤፍ2 ወይም ከጎን ያለችው ትንሽዬ የኖቮ ቁልፍ፣ ኮንፊገሬሽን ስር ኢንቴል ቨርቹዋል ቴክኖሎጂ ይላል። አሱስ ኤፍ2 ሆኖ አድቫንስድ ውስጥ፣ ቶሺባም ኤፍ2 ሆኖ አድቫንስድ ወይም ሲስተም ኮንፊገሬሽን ውስጥ። ኤሰርም ኤፍ2 ነው ግን የዛ ዘመን ርካሾቹ ላይ ሜኑው ሊጎድል ይችላል። ስሙም አንድ አይደለም፣ አንዱ ጋ ኢንቴል ቪቲ፣ አንዱ ጋ ቫንደርፑል የሚለው የድሮ ስሙ፣ ኤኤምዲ ላይ ደግሞ ኤስቪኤም ነው የሚለው። ቪቲ ዲ የሚል ካየሽ እሱ አይደለም፣ ቪቲ ዲ አንድን ሃርድዌር ለቨርቹዋል ማሽኑ ነጥሎ ለመስጠት ነው፣ ላንቺ ስራ አያስፈልግም፣ ያንቺ ፕሮሰሰርም የለውም። ኤክስዲ ወይም ኖ ኤክስኪዩት የሚል ካለና ጠፍቶ ከሆነ ግን አብሪው፣ ሃይፐር ቪ ያለሱ አይነሳም።

ቁልፉን ስትነኪ ምንም ሳይሰማሽ ዊንዶውስ የሚነሳ ከሆነ ፋስት ስታርትአፕ ነው ብዙ ጊዜ ጥፋቱ፣ ዊንዶውስ 8 እና 10 ላይ ሻትዳውን ስትዪው ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፣ ግማሽ ተኝቶ ነው የሚጠብቅሽ። ሺፍት ይዘሽ ሻትዳውን በዪው ያኔ የምር ይጠፋል፣ ወይም ሪስታርት አድርጊና ማሽኑ ጥቁር ሲሆን ጀምረሽ ቁልፉን ደጋግመሽ ንኪ፣ አንዴ ተጭነሽ መያዝ ብዙ አሮጌ ኪቦርድ ላይ አይሰራም። ከዊንዶውስ ሴቲንግ በሪከቨሪ በኩል ወደ ባዮስ መግባት ይቻላል የሚባለውም ላንቺ ላይሰራ ይችላል፣ የዛ ዘመን ላፕቶፖች አብዛኞቹ በሌጋሲ፣ ማለትም በድሮው የባዮስ መንገድ፣ ነው የሚነሱት፣ ያ አማራጭ ደግሞ በአዲሱ መንገድ በዩኢኤፍአይ ለተነሳ ማሽን ብቻ ነው የሚመጣው።

አግኝተሽ ኢኔብልድ ካልሽው በኋላ ኤፍ10 ብለሽ ሴቭ አድርገሽ ውጪ፣ በኢስኬፕ ወጥተው ሴቭ ሳያደርጉ «አበራሁት አልሰራም» የሚሉ ሰዎች ቁጥር ብዙ ነው። ከዛ ደግሞ ሰው የሚዘልለው እርምጃ አለ። ዊንዶውስ እንዲነሳ አትፍቀጂለት፣ አጥፊው፣ ቻርጀሩን ንቀዪ፣ ባትሪው የሚወጣ ከሆነ አውጪው፣ ፓወር ቁልፉን ግማሽ ደቂቃ ያህል ተጭነሽ ያዢ ከዛ መልሰሽ ሰክተሽ አስነሺ። ቅድም ያልኩት ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው ቁልፍ እኮ ኃይሉ የምር እስኪቋረጥ ድረስ ላይለቅ ይችላል፣ አንዳንድ የድሮ ባዮሶች በሪስታርት ብቻ አይጽፉትም። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ባዮሱ ኢኔብልድ እያለ ዊንዶውስ ዲሴብልድ የሚል ላፕቶፕ ይዤ ግማሽ ቀን አቃጥያለሁ፣ ቨርቹዋልቦክስ አጥፍቼ ጫንኩ፣ ድራይቨር ቀየርኩ፣ ዊንዶውሱን ፎርማት ላደርግ ፍላሽ ሰክቼ ነበር፣ በመሃል ገመዱ ተነቅሎ ባትሪው የሞተ ስለነበር ማሽኑ ድርግም ብሎ ጠፋ፣ መልሼ ሳስነሳው ቪቲው በርቷል። ከዛ ቀን ጀምሮ መጀመሪያ ገመድ ነው የምነቅለው።

የማሽኑ ሰዓትና ቀን በየጊዜው ወደ ድሮ የሚመለስ ከሆነ ደግሞ የባዮሱ ትንሽዋ ባትሪ ሞታለች ማለት ነው፣ ያኔ ኃይል ሲቋረጥ ያበራሽው ሁሉ ወደ ነበረበት ይመለስና ቪቲውም አብሮ ይጠፋል። ዛሬ ሰርቶ ሳምንት ቆይቶ እምቢ ያለሽ እንደሆነ መጀመሪያ ሰዓቱን እዪ። ባትሪዋ ክብ ናት፣ ብዙ ላፕቶፕ ላይ ሲአር2032 ናት፣ አንዳንዶቹ ላይ ሽቦ ተበይዶላት በፕላስቲክ ተጠቅልላ ስለምትገኝ ሳትከፍቺ የትኛዋ እንደሆነች አትወስኚ።

ባዮስ ውስጥ እያለሽ ሁለት ነገር ተጠንቀቂ። አንደኛ ቪቲውን ፍለጋ ያገኘሽውን ሁሉ አትነካኪ፣ በተለይ ሳታ ሞድ የሚለውን (ማሽኑ ከሃርድ ዲስኩ ጋር የሚነጋገርበትን መንገድ)፣ ከኤኤችሲአይ ወደ አይዲኢ ወይም በተቃራኒው ከቀየርሽው ዊንዶውስ ሃርድ ዲስኩን አላገኘሁትም ብሎ ሰማያዊ ስክሪን ይሰጥሻል፣ ሰው ደግሞ ያኔ ቪቲው ነው ያበላሸብኝ ይላል። ሎድ ዲፎልትስ የሚለውንም በሙከራ አትንኪ፣ ሳታ ሞዱን አብሮ ሊቀይረው ይችላል። ሁለተኛ ሃርድ ዲስክሽ በቢትሎከር የተቆለፈ ከሆነ ባዮስ ከመንካትሽ በፊት ቢትሎከሩን ሰስፔንድ አድርጊው፣ የሪከቨሪ ቁልፉንም ከማሽኑ ውጪ የሆነ ቦታ ያዢ፣ አለበለዚያ የባዮስ ለውጥ አይቶ 48 አሃዝ ያለው ቁጥር አምጪ ብሎ ደጅ ያስቆምሻል። ያገለገለ የቢሮ ላፕቶፕ ገዝተሽ ባዮሱ ፓስወርድ ከጠየቀሽ የሸጠልሽን ሰው ጠይቂ፣ የቢሮ ሞዴሎች ላይ ባትሪ በማውጣት የሚጠፋ ፓስወርድ አይደለም፣ ብዙ ጊዜ ሌላ ቺፕ ላይ ነው የሚቀመጠው።

ሜኑው ጭራሽ የሌለ እንደሆነስ? እዚህ ጋ ነው ሰው ቶሎ ተስፋ የሚቆርጠው። ሜኑው የለም ማለት የግድ ተቆልፏል ማለት አይደለም፣ አንዳንድ ባዮሶች ቪቲውን ሁሌ አብርተው ስለሚተዉት ማብሪያ አላስቀመጡለትም፣ ለዚህ ነው ሲስተም ኢንፎውን አስቀድሚ ያልኩሽ። ሜኑውም ከሌለ ሲስተም ኢንፎውም ኖ ካለ አምራቹ ዘግቶ ነው የሸጠው። ለምን ይዘጉታል ብትዪ በ2006 ጆአና ሩትኮውስካ የምትባል የሴኪውሪቲ ተመራማሪ ብሉ ፒል የሚል ነገር አሳይታ ነበር፣ የሚሰራን ሲስተም በሙሉ ሳያውቀው ቨርቹዋል ማሽን ውስጥ አስገብቶ ከስር ሆኖ የሚመለከት ማልዌር ማለት ነው። ከዛ በኋላ ለግለሰብ የሚሸጡ ላፕቶፖች ላይ ቪቲን ዘግቶ መሸጥ የተለመደ ሆነ፣ ሶኒ ቫዮዎችን በዚህ የማያውቅ የለም፣ ኋላ ላይ ሰው ሲጮህባቸው ለተወሰኑ ሞዴሎች የሚከፍት ባዮስ አውጥተዋል። በነገራችን ላይ ፍርሃቱ ዛሬ ተገልብጧል፣ አዲሶቹ ዊንዶውሶች ራሳቸውን ከማልዌር ለመከላከል ይሄንኑ ቪቲ ነው የሚጠቀሙት።

ስለዚህ ባዮስ አፕዴት ላርግ ወይ ላልሽው፣ በመጨረሻ ብቻ። አፕዴቱ የሚጠቅምሽ ሜኑው ከሌለ፣ ሲስተም ኢንፎው ኖ ካለና አምራቹ ድረገጽ ላይ ያንቺን ትክክለኛ ሞዴል ቁጥር አስገብተሽ አዲስ ስሪት ካገኘሽ ነው። የምታወርጂው ከአምራቹ ብቻ ይሁን፣ የሞዴሉ ቁጥር ላይ አንዲት ፊደል ብትለይ ያንቺ አይደለም። ቻርጀሩ ተሰክቶ ባትሪውም ቢያንስ ግማሽ ድረስ የሞላ መሆን አለበት፣ መሃል ላይ ኃይል ከተቋረጠ ማሽኑ ላይነሳ ይችላል፣ የሞተ ባትሪ ያለው ላፕቶፕ ላይ ብዙዎቹ አፕዴተሮች ራሳቸው እምቢ ይላሉ፣ እምቢታቸውን ለማለፍ መላ የሚያስተምሩትን አትስሚ። ሜኑው የተደበቀባቸውን ባዮሶች በተሻሻለ ፋይል ወይም ከውጭ በሚገባ ኮማንድ መክፈት ይቻላል፣ ተሰርቶም አይቻለሁ፣ የተሳሳተች አንድ ቁጥር ግን ላፕቶፑን ወደ ጡብ ትቀይረዋለች፣ መልሶ ለማስነሳት ቦርዱን ከፍቶ ቺፑን በፕሮግራመር መጻፍ የሚችል ሰው ያስፈልጋል። ሊኑክስ ለመማር ብለሽ እዚህ ውስጥ አትግቢ።

ቪቲው በርቶ ቨርቹዋልቦክሱ አሁንም የለም ካለሽ ያ ቅድም እመለስበታለሁ ያልኩት፣ ዊንዶውስ ቪቲውን ቀድሞ የያዘበት ነገር ነው። አንዳንዴ እንዲያውም ባዮሱን ከከፈትሽ በኋላ ነው የሚነቃው፣ ቪቲው ጠፍቶ ሳለ ተኝቶ የነበረ የዊንዶውስ ፊቸር ቪቲው ሲበራ ቀድሞ ይይዘዋል። ተርን ዊንዶውስ ፊቸርስ ኦን ኦር ኦፍ የሚለውን ክፈቺና ሃይፐር ቪ፣ ቨርቹዋል ማሽን ፕላትፎርም፣ ዊንዶውስ ሃይፐርቫይዘር ፕላትፎርም እና ሳንድቦክስ የሚሉት ላይ ምልክት ካለ አንሺ፣ ከዛ ዊንዶውስ ሴኪውሪቲ ውስጥ ዲቫይስ ሴኪውሪቲ፣ ኮር አይሶሌሽን ስር ሜሞሪ ኢንቴግሪቲ የሚለውን እዪ። ሁለት ሊኑክስ በአንዴ የሚሆን መስሎሽ ደብሊውኤስኤል 2 (ዊንዶውስ ውስጥ ሊኑክስ የሚያስነሳው) ጭነሽ ከነበረም ቨርቹዋል ማሽን ፕላትፎርምን የሚጠቀመው እሱ ነው። አዳዲሶቹ ቨርቹዋልቦክሶች በሃይፐር ቪ ላይ ተደርበው መስራት ይችላሉ፣ ግን ያኔ ከታች በቀኝ በኩል አረንጓዴ ኤሊ ትመጣለች፣ ስሟን ማንም ሳይነግርሽ ምን ማለት እንደሆነ ይገባሻል፣ ባንቺ ፕሮሰሰር ላይ በጣም ነው የምትጎተተው። ሜሞሪ ኢንቴግሪቲን ማጥፋት መከላከያ መቀነስ ስለሆነ በርቶ አግኝተሽ ካጠፋሽው ቨርቹዋል ማሽኑን ስትጨርሺ መልሺው።

ሙቀቱን በተመለከተ፣ ቪቲውን ማብራት ብቻውን ማሽኑን አያሞቅም አያዘገይምም፣ በር ከፍቶ እንደመተው ነው፣ የሚገባ ሰው ከሌለ ምንም የለም። የሚያሞቀው ውስጡ የምታስነሺው ሁለተኛ ኮምፒውተር ነው። አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ፋኑ አቧራ ሞልቶት ከሆነ ያ ሙቀት ይሰማሻል፣ ጥፋቱ ግን የፋኑ ነው።

ያንቺ ትልቁ ችግር ወደፊት የሚሆነው ራሙ ነው። 4 ጊጋ ላይ ዊንዶውስ 10 ብራውዘር ሳትከፍቺ እንኳ ግማሹን አካባቢ ይበላል፣ የኡቡንቱ ዴስክቶፕ ደግሞ ለራሱ ቢያንስ 4 ጊጋ ይፈልጋል፣ ስለዚህ ቪቲው በርቶም ኡቡንቱ ዴስክቶፑን ብትጭኚው ሃርድ ዲስኩ ላይ ሲንኳኳ ውሎ ያድራል፣ ከዛ ቪቲው አልሰራም ትያለሽ። ሉቡንቱን (ቀለል ያለው የኡቡንቱ ዓይነት ነው) ወይም ዴቢያን የሚባለውን ሌላ ሊኑክስ ያለ ዴስክቶፕ ውሰጂ። ለሉቡንቱ 1.5 ጊጋ፣ ለዴቢያኑ 512 ሜጋ ይበቃዋል፣ ከዛ በላይ ለመስጠት ስትሞክሪ ከዊንዶውሱ ነው የምትቀሚው፣ ሁለቱም አብረው ይሞታሉ። ፕሮሰሰር የሚለው ላይ 2 በዪ፣ ያንቺ 2 ኮር ነው፣ ታስክ ማናጀር 4 ስላሳየሽ 4 አትስጪ። ራም መጨመር ከቻልሽ ጨምሪ፣ ያንቺ ዘመን ዲዲአር3 ነው፣ ፕሮሰሰሩ እስከ 16 ጊጋ ይቀበላል፣ የቦርዱን ገደብ ግን ሞዴሉን አይተሽ አረጋግጪ። በሃርድ ዲስኩ ምትክ ኤስኤስዲ ካስገባሽለት ደግሞ ልዩነቱ ከቪቲው እኩል ነው።

ይሄን የምታነቡና ፕሮሰሰራችሁ የምር የሌለው፣ ማለትም ሲስተም ኢንፎው የመጀመሪያው መስመር ላይ ራሱ ኖ ያላችሁ፣ ባዮስ አፕዴት አታድርጉ፣ ምንም አይጨምርላችሁም፣ ፕሮሰሰሩ ውስጥ የሌለ ነገር ነው። ቨርቹዋልቦክስ ከ6.1 ጀምሮ፣ ማለትም ከ2019 መጨረሻ ወዲህ፣ ቪቲ በሌለው ማሽን ላይ ጭራሽ አያስነሳም። የድሮዎቹ ስሪቶች 32 ቢት የሆነ ሲስተም ያለ ቪቲ ያስነሱ ነበር፣ ግን የሴኪውሪቲ ማስተካከያ ማግኘት ካቆሙ ቆይተዋል፣ ኢንተርኔት ላይ ላለ ማሽን አልመክርም። እናንተ ሊኑክሱን ፍላሽ ላይ አድርጋችሁ ከፍላሹ አስነሱት ወይም ከዊንዶውሱ ጎን ጫኑት፣ ያለ ምንም ቪቲ ሙሉውን ራም አግኝቶ ይሰራል።

ላንቺ እህቴ የምለው፣ ባዮስ አፕዴቱን ለጊዜው፣ ሶፍትዌሩን ደግሞ ጭራሽ እርሺው። ዛሬ ሲስተም ኢንፎውን እዪ፣ ሁለተኛው መስመር ኖ ካለ ከላይ በጻፍኩት መንገድ ባዮሱ ውስጥ ሜኑ በሜኑ ፈልጊው፣ ሴቭ አድርገሽ ገመዱን ነቅለሽ አስነሺ፣ ከዛ ሉቡንቱ ጫኚ። ሜኑው የምር ከሌለና አምራቹም አዲስ ባዮስ ካላወጣለት ማሽኑን አታሰቃዪው፣ ሉቡንቱውን ከዊንዶውሱ ጎን ጫኚው፣ ከመጫንሽ በፊት ግን ፋይሎችሽን ሌላ ዲስክ ላይ ገልብጪ፣ ፓርቲሽን ሲከፋፈል ስህተት የሚሰራው ሁሌም መጠባበቂያ ያልያዘ ሰው ነው።